ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የሚደክም የጀልባ ሞተር

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስበት ጀልባ ሞተሩ አሮጌ ነው፦ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ዘይቱን ከራሱ ማጠራቀሚያ የሚስብ፣ በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞር ፓምፕ አለው። ቀስ ብሎ ሲሄድ እንከን አይወጣለትም። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው ጥቂት እንደ ሄደ ግን ጉልበት ይከዳዋል። ረዳቴ ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ የእጅ ፓምፕ ሲጨምቅ ወዲያው ይነሣል፤ ሲተወው ተመልሶ ይደክማል። ተሳፋሪ እያየ እንዲህ መጓዝ ደስ አይልም።

የእጅ ፓምፑ ይለሰልሳል እንጂ ተጨማዶ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ከታንኩ በኩል የተዘጋ ነገር ያለ አይመስለኝም። የታንኩን መተንፈሻ ከፍቼ፣ ሌላ ታንክና ሌላ ቱቦም ገጥሜ ሞክሬያለሁ። ፊልትሮው አዲስ ነው። የነዳጅ ፓምፑን ዲያፍራም (ነዳጁን የሚገፋውን ስስ ሽፋን) ቀይሬያለሁ፤ አሮጌው ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ነበር። ለውጥ ግን የለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የታችኛው ሲሊንደር ነው። ወደ እርሱ በሚሄደው ቀጭን የዘይት ቱቦ ውስጥ የአየር አረፋ ይታያል፤ ካንዴላውም ከሌሎቹ ይልቅ ነጥቷል። ፒስተኑ እንዳይጣበቅ ለጊዜው በ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ታንኩ ውስጥ እየቀላቀልኩ ነው። የነዳጅ ፓምፑም የሚሠራበትን ግፊት የሚያገኘው ከዚሁ ሲሊንደር የክራንክ ክፍል ነው፤ ጥርጣሬዬ ወደዚያ ያዘነበለው ለዚህ ነው።

ሞተሩን ከጀልባው ሳላወርድና ሳልበታትን፣ የታችኛው የክራንክ «ኦይል ሲል» (ዘንጉ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ) አየር እያስገባ መሆን አለመሆኑን በምን ላረጋግጥ?