የዕቅድ ውይይት፦ በአየር የሚነፋ ጉልላት፣ የሙከራ መማሪያ ክፍል ለአዋሽ ፈንታሌ

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማኅበሩ በጋራ ፕሮፖዛል ያስገባል። ጉዳዩ ቶሎ የሚቆም ጉልላት ነው። ቦታው አዋሽ ፈንታሌ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚያ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቷል፤ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ተጎድተዋል። የቀረን «በምን ዘዴ?» የሚለው ነው። ረቂቁን እኔ አጠናቅራለሁ። «ይታሰብበት» የሚል መልስ ግን አልቀበልም፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ከቦሎኛ የሚከታተለው አባል
የኔ ድምፅ ለስሪዲ ፕሪንተር ነው። ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ ማሳ ሎምባርዳ ውስጥ ቴክላ የሚባል ቤት አለ። በ2021 ያለቀ ነው (የውጭ ሥራ ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ንድፉ የማሪዮ ኩቺኔላ ቢሮ፣ ማሽኑ ዋስፕ የሚባል ኩባንያ። እርስ በርስ የተገጠሙ ሁለት ጉልላቶች ናቸው። ሁለት የማሽን ክንዶች እየተናበቡ ጭቃውን ደረቡት፤ 350 ድርብ፣ አንዱ ድርብ 12 ሚሊ ሜትር። የማተሙ ሥራ 200 ሰዓት ፈጀ። የፈጀው ኃይል በአማካይ ከ6 ኪሎዋት በታች ነው። አፈሩ እዚያው የተገኘ ነው። ለእኛም አፈር አልጠፋም።

መዋቅር መሐንዲሱ
ቤቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን የምንሠራው ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው። ግማሽ ክብ ጉልላት በራሱ ክብደት ብቻ ሲቆም የላይኛው ክፍል በየአቅጣጫው ይጨመቃል። ከጫፉ 52 ዲግሪ ያህል ከወረድክ በኋላ ግን ዙሪያው ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋል። ጭቃ መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን አይችልም። በደህና ቀን ግድግዳውን አወፍረህ ታልፈዋለህ። መሬት ሲናወጥ ግን ያ የታችኛው ቀለበት ፌሮ ይፈልጋል። ፕሪንተር ደግሞ ድርብ በድርብ እያስቀመጠ ሲሄድ ፌሮ ማስገባቱ አሁንም ጣጣ ነው። ለልጆች ክፍል በዚህ አልፈርምም።

አርክቴክቷ
ፕሪንተሩ ይቅር፣ አፈሩ ግን አይቅር። ልደታ፣ ሕንፃ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሱዱ የተባለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊሱ ኢቲኤች ዙሪክ (ETH) ጋር በጋራ ሲሠራ ወለሉና ጣሪያው የቆመው በአፈርና ሲሚንቶ ንጣፍ ቅስት ነው። ንጣፎቹ ስስ ናቸው። ግንበኞቹ እዚሁ የሠለጠኑ ናቸው። እንጨት ስለሚቆጥብ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

መዋቅር መሐንዲሱ
እኔም እወደዋለሁ። ለአዲስ አበባ ቤት። ለአዋሽ ግን ያው የፌሮ ጥያቄ ይመጣል፤ ደግሞም ፈጣን አይደለም። ሰልጣኝ ግንበኛ በእጁ ንጣፍ በንጣፍ ነው የሚሄደው።

አርክቴክቷ
ፍጥነት ከሆነ እንግዲህ ጣሊያናዊውን አርክቴክት ዳንቴ ቢኒን እናንሣ። የቦሎኛው ወንድማችን ደጃፍ ነው ያለው። ክሬስፔላኖ ላይ በ1964 አንድ ጉልላት በአየር ነፍቶ አነሣ። መሬት ላይ የጎማ ሸራ ይዘረጋል። በላዩ ፌሮ በስፕሪንግ ውስጥ እየተሰካ ይደረደራል። እርጥብ ኮንክሪት ይፈስስበታል፣ ሌላ ሸራ ይለብሳል። ከዚያ አየር ይነፋል፤ ማንሣቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሸራው ሲነሣ ፌሮው በስፕሪንጉ ውስጥ እየተንሸራተተ ይለጠጣል፤ ኮንክሪቱም አብሮ ይወጣል። ከዚህ የፈጠነ ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዝ) አላውቅም። በብዙ አገር ከ1,000 በላይ ተሠርቷል።

ፎርማኑ
እኔ ልጠይቅ። ያ ኮንክሪት ሲነሣ ውሃ ከበዛበት ወደ ታች ይሸሻል። ውሃ ካነሰበት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። መሃል ያለች ናት የምትፈለገው። እኛ ሳይት ላይ ውሃ በምን እንደሚለካ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በባሊ ነው። ሰዓቷ አንድ ናት፤ ከተበላሸች ኮንክሪቱን ሰብስቦ የሚጥለው ማነው?

መዋቅር መሐንዲሱ
ጋሼ ፎርማን ነጥቡን መቱት። አውስትራሊያ ውስጥ በ1970ዎቹ ቢኒን ጋብዘው የትምህርት ቤት አዳራሾች በዚህ ዘዴ አሠርተው ነበር። ከመካከላቸው የፌርቬል ትምህርት ቤቱ በ1975፣ የፒትዎተሩ በ1986 ተደረመሰ። ሌሎቹ ለረጅም ዓመት አገልግለዋል፣ ዘዴው ውሸት አይደለም። ግን ሁሉም ነገር በአንዲት ሰዓት የሚወሰንበት ሥራ ለመጀመሪያ ሙከራ አይመችም።

መካከለኛ መንገድ አለ። ሸራው ባዶውን ይነፋ። ቅርጹን ከያዘ በኋላ ፌሮ ይታሰር፣ ሾትክሪት (በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት) በስሱ እየተደራረበ ይረጭ። አንዱ ድርብ ከተበላሸ ያንኑ ታነሣለህ። ዋላስ ኔፍ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ እንዲህ ነው የሠራው፤ ቆየት ብሎ ዳካር ላይ በዚሁ ዘዴ ከ1,000 በላይ ቤት ተሠርቷል። ሞኖሊቲክ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ሰዎች ደግሞ ገልብጠው ከውስጥ ይረጫሉ። የመጀመሪያቸው በ1976 አይዳሆ ላይ የተሠራ የድንች መጋዘን ነው። የኢንዶኔዥያው መንደርም የነሱ ነው፤ ዮግያካርታ አጠገብ ከ2006ቱ ርዕደ መሬት በኋላ ወደ 70 የሚጠጉ ጉልላት ቤቶች ተሠርተዋል።

አርክቴክቷ
ከውስጥ ይሻላል። ኮንክሪቱ ፀሐይና ንፋስ አያገኘውም። አዋሽ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮንክሪት መርጨት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ገንዘብ ያዥ
ከውስጥ ከተረጨ ሸራው ላዩ ላይ ይቀራል አይደል? እንግዲያው ለእያንዳንዱ ጉልላት አዲስ ሸራ፣ ለእያንዳንዱ ሸራ ዶላር። እኔ ይህን በጀት ይዤ ለጋሽ ፊት አልቀርብም። ሸራው ተነቅሎ ለሚቀጥለው የሚያገለግል ከሆነ ግን አንድ ጊዜ እንቸገራለን፣ አበቃ።

ፎርማኑ
ከውጭ ይረጭ። ሌሊት 10 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይቆም። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይመደብ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ድልድይ ላይ ስንሠራበት የኖርነው ነው። ፓምፑንም መግዛት አያስፈልግም፤ ዋሻ የሚሠሩ ተቋራጮች ዘንድ አለ፣ ኖዝሉን (የመርጫውን አፍ) ከሚይዘው ሠራተኛ ጋር እንከራይ።

የአዋሽ አባል
ሰላም። ዘግይቼ ገባሁ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ክብ ቤት እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። የአፋር እናቶች እንጨቱን ቀስተው ሰሌን አልብሰው ጎጆውን ራሳቸው ያቆማሉ፤ ሲሄዱ ነቅለው በግመል ይጭናሉ። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ «ለማኅበረሰቡ አዲስ ቅርጽ ማስተዋወቅ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያውጣ። ያስቃል።

ሁለተኛ፣ ከመሬት ጀምሮ እየተንጋደደ የሚወጣ ጉልላት ከሠራችሁ ፍየል ትወጣበታለች። ልጆቹም ይከተሏታል። ከስር አንድ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ግድግዳ ይኑረው።

አርክቴክቷ
ቀጥ ያለው ግድግዳ ለእኔም ይመቸኛል። ጥቁር ሰሌዳና መደርደሪያ የሚሰቀልበት አጥቼ ነበር። ሸራው ሲሰፋ የታችኛው አንድ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሰፋ። ዲያሜትሩ 8 ሜትር ቢሆን ወለሉ 50 ካሬ ይሆናል፣ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ጫፉ 5 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የሙቀት ማውጫ ቀዳዳ እተዋለሁ። የዳካርና የኢንዶኔዥያ ቤቶች ችግር ሌላ ነበር፦ ሌላ ጎጆ ለብቻው ካላቆሙ በቀር ክብን ማስፋት ከባድ ነው፣ ሰው ከጎን እየቀጠለ ነው የኖረው። የእኛ ክፍል ስለሆነ ማስፋት ከተፈለገ ሁለተኛ ጉልላት ማቆም ነው።

መዋቅር መሐንዲሱ
ቁጥሩን ሠርቻለሁ። ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ካሬ እርጥብ ኮንክሪት 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያን ለመሸከም የሚፈለገው የአየር ግፊት 20 ሚሊባር አይሞላም፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አንድ መቶኛ ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በ50 ካሬ ላይ ሲባዛ ሸራው መሠረቱን ወደ ላይ የሚጎትተው በ10 ቶን ነው። ዙሪያው 25 ሜትር ነው፣ ስለዚህ በየሜትሩ 400 ኪሎ። የመሠረት ቀለበቱን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው በሜትር የሚመዝነው 380 ኪሎ ገደማ ነው። አይበቃም! ሸራው መሠረቱን ይዞት ይነሣል። 50 በ50 ይሁን፣ 600 ይሆናል። በስሱ እየደረብን ስለምንረጭ ግፊቱ ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የምነድፈው ለሙሉው ነው።

ኮንክሪቱ መስኮትና በር ሳይቀነስ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሲሚንቶ 40 ኩንታል ገደማ፣ ነጥሮ የሚወድቀውን ሳይጨምር።

ፎርማኑ
መብራት ሲጠፋስ?

ገንዘብ ያዥ
ይህን ጥያቄ ማንም ባያነሣው ላነሣው ነበር።

መዋቅር መሐንዲሱ
ሁለት ነፋሻ ማሽን፣ አንዱ በመብራት፣ አንዱ በጄኔሬተር። ግፊቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ሁለተኛው ራሱ ይነሣ። ቀን ላይ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ስለሚግል ግፊቱ ይጨምራል፣ ሸራው ያብጣል፣ ገና ያልጠነከረውን ድርብ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የሚያስተነፍስ ቫልቭ። አውቶማቲክ መሆን ያለበት ነገር ይህ ነው እላለሁ። ኖዝሉን ሰው ይያዝ። ሌሊቱን ሙሉ ግፊት ሲቆጣጠር የሚያድር ሰው ግን ያንቀላፋል።

ከቦሎኛ የሚከታተለው አባል
እሺ፣ ፕሪንተሩን ተውኩት፤ ግን ሮቦት በጠቅላላ አይጣል። የማሳቹሴትሱ ኤምአይቲ ሰዎች በ2017 ባሳተሙት ሥራ መኪና ላይ የተጫነ ክንድ ዲያሜትሩ 14.6 ሜትር የሆነ ክፍት ጉልላት ከ13 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ረጭቷል።

አርክቴክቷ
የረጨው ፎም ነው። ኮንክሪቱ የሚፈስስበትን ካሳፎርማ ነው የሠራው። የእኛን ሸራ ሥራ ማለት ነው፣ በጣም በውድ።

ከቦሎኛ የሚከታተለው አባል
😄 ተረታሁ። እንግዲያው ልኬቱን እኔ ልውሰድ። ሸራው እንደተነፋ፣ ከእያንዳንዱ ድርብ በኋላና ሸራው ሲነቀል በቶታል ስቴሽን (በቅየሳ መሣሪያው) ይለካ። ዳታውን ላኩልኝ፣ ቅርጹ ከንድፉ ምን ያህል እንደራቀ በዚያው ቀን እመልሳለሁ።

ፎርማኑ
ውፍረቱን ደግሞ በሽቦ። ፌሮው ላይ በየሜትሩ 8 ሴንቲ የወጣ ሽቦ ይታሰር። ሽቦው ከታየ ይጨመራል፣ ከተሸፈነ ይቆማል። ኮምፒውተር አይፈልግም።

ጸሐፊ
ጥሩ። እስካሁን ባለው ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፦

«ማኅበሩ በአዋሽ ፈንታሌ ዲያሜትሩ 8 ሜትር የሆነ አንድ የሙከራ መማሪያ ክፍል ይገነባል። ቅርጹን የሚይዘው በአየር የሚነፋና ደጋግሞ የሚያገለግል ሸራ ነው። ግፊቱ በራስ ሰር መቆጣጠሪያና በሁለት ነፋሻ ማሽኖች ይጠበቃል። ፌሮ በሸራው ላይ ይታሰራል፤ ሾትክሪት በሰለጠነ ሰው ከውጭ በድርብ ይረጫል። ኮንክሪቱ 28 ቀን ሞልቶት የናሙናው ጥንካሬ ሳይረጋገጥና ጉልላቱ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ሳይፈተሽ ተማሪ አይገባም።»

ርዕሱ ላይ ገንዘብ ያዥ «በአንድ ቀን የሚቆም ክፍል» የሚል ጨምረው ነበር።

መዋቅር መሐንዲሱ
ይውጣ። በአንድ ቀን የሚቆመው ሸራው ነው።

ገንዘብ ያዥ
ለጋሽ የሚያነብበው ርዕሱን ነው እኮ። እሺ፣ «ካሳፎርማው በአንድ ቀን» ቢባልስ?

መዋቅር መሐንዲሱ
እሱ እውነት ነው። ይግባ።

የአዋሽ አባል
አንድ ይጨመር። ሙከራው ሲያልቅ ሸራውና ነፋሻዎቹ የማን ናቸው? አዲስ አበባ ተመልሰው መጋዘን ከገቡ ሁለተኛው ክፍል አይሠራም። ወረዳው ላይ ይቅሩ፤ ከአካባቢው አራት ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኖዝሉንና ነፋሻውን ይልመድ።

ፎርማኑ
አራቱን ስጡኝ፣ ከመሠረት ቁፋሮው ጀምሮ ከኔ ጋር ይሁኑ።

ጸሐፊ
ገብቷል። የቀረው፦ አርክቴክቷ መርካቶ ድንኳን ከሚሰፉት ዘንድ ሄዳ የሸራውን ስፌት ግፊት ይችል እንደሆነ በትንሽ ናሙና ታስፈትሽ። ጋሼ ፎርማን የፓምፕ ኪራዩን ያጣሩ። ገንዘብ ያዥ ዋጋውን ሐሙስ ማታ እዚሁ ይለጥፉ። ተቃውሞ ያለው እስከዚያው ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ
የፓምፑ ዋጋ ካልመጣልኝ ሐሙስ የምለጥፈው ባዶ ሠንጠረዥ ነው፤ ጋሼ፣ እባክዎ እስከ ረቡዕ ይድረሱልኝ።