የቪትዝና የኮሮላ መሪ ልቅነት፦ ራክ ይቀየር፣ ቶርኖ ቤት ይግባ ወይስ ቤት ይጥበቅ? (ጥቆማ)

ቪትዝ 2007
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2007 እ.ኤ.አ. ቪትዝ ናት፣ መሪዋ ዱባይ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ። ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ሁለት ጣት ያህል ባዶውን ይዞራል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከግራ በኩል ኳ ኳ ይላል። አንዱ ጋራዥ «ራኩ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ጥርሳም ዘንግ) አልቋል» አለ፣ ሌላው «ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ቡሽ ይቆረጥለት»፣ ሦስተኛው «ከሥር የምትጠብቅ ክዳን አለች፣ ቤትሽ አጥብቂያት» አለ። የቱ ያዋጣል? የዕቃ ማርክም ጠቁሙኝ።

መፍቻ 14
እህቴ፣ ሦስቱም ሳይፈትሹ ነው የተናገሩት። ቶዮታ ለብዙ መኪኖቹ የሚፈቅደው ልቅነት በመሪው ጠርዝ ላይ ሲለካ እስከ 30 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ጣት ማለት እዚያው ወሰን ላይ ስለሆንሽ በማስመሪያ ለኪው፤ በጣት አይሆንም።

ከዚያ አንድ ሰው መሪው ላይ አስቀምጪ። ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ፣ የመሪው ቁልፍ የተፈታ ይሁን። ሰውየው መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ይወዝውዘው። አንቺ እጅሽን በየመገጣጠሚያው እያሳረፍሽ ተከተዪው። የመጀመሪያው ዘንግ ዞሮ የሚቀጥለው ዘግይቶ ከተከተለ ልቅነቱ እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ ከፔዳሎቹ በላይ ያለው ክሮቸራ (የመሪውን ዘንግ የሚያጣጥፈው መገጣጠሚያ)፣ ወደ ራኩ የሚገባበት ክሮቸራና ማሰሪያ ብሎኑ፣ ራኩን ከሻሲው የሚይዙት ጎሚኒዎች (ላስቲኮች)፣ በራኩ ጫፍ ላስቲክ ውስጥ ያለው የውስጥ ቴስቲና (ራኩን ከጎማው የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፤ ላስቲኩን ጨመቅ አድርገሽ ይሰማሻል)፣ በመጨረሻ የውጭ ቴስቲና።

ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አንሺና ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስገቢለት። ግራና ቀኙን ይዘሽ ስትነቀንቂው ከተወዛወዘ ቴስቲና ወይም ራክ ነው። ላይና ታቹን ይዘሽ ከተወዛወዘ ግን ቦል ጆይንት (የጎማውን እግር የሚይዘው ኳስ) ወይም ኩሽኔታ ነው፣ ከመሪው ጋር አይገናኝም።

ከዱባይ ማዶ
መሪዋ የዞረ ከሆነ ከክሮቸራው ጀምሪ፣ ሌላውን እርሺው። መሪ ሲዞር ዘንጉን ቆርጦ መበየድ፣ ወይ የሌላ ሞዴል ዘንግ አምጥቶ ማስገባት የተለመደ ነው። ብየዳ ካየሽ ስንጥቅ ፈልጊ፣ ካለ ሳታመነቺ ሙሉ ዘንግ ቀይሪ። እንደገና ማስበየድ የሚባል አማራጭ እዚህ ላይ የለም፤ ዘንጉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ መሪ ሳይኖርሽ ትቀሪያለሽ። ጥርሱ ላይ የምትጠብቀው ብሎንም ትላላለች። ስትጠብቅ ብሎኗ በዘንጉ ላይ ባለው ስርጉድ ውስጥ ማለፍ አለባት፤ ካላለፈች ዘንጉ በደንብ አልገባም ማለት ነው።

የሶማሌ ተራ ልጅ
ወደ ዕቃው ልምጣ። ብር አልጽፍም፣ ሳምንት አይቆይም።

ለቴስቲና የውስጡንም የውጩንም የጃፓኑን 555 ውሰጂ። ከኦሪጂናል ቶዮታ ዋጋው ይወርዳል፣ ዕድሜው ብዙ አይለይም። ችግሩ አስመስለው የሚሠሩት መብዛቱ ነው። ካርቶኑን አትመኚ፣ ዕቃውን እዪው፦ ጽሑፉ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ የተመታ፣ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ኳሷ በእጅ ስትገፊያት ከብዳ እኩል የምትዞር መሆን አለባት። ከካርቶን ስትወጣ ላላ ብላ የምትወድቅ ካገኘሽ መልሺ። ሁለተኛ ምርጫዬ የኮሪያው ሲቲአር ነው። ማርክ የሌለውን ርካሽ ለኮብልስቶን አልመክርም፤ ላስቲኩ ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራና ጭቃ ከገባ ደግሞ ኳሷ አትቆይም።

ያገለገለ ራክ ከፈለግሽ የግራ መሪ የያሪስ ራክ በይ። «ቪትዝ» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ የቀኝ መሪ ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ አይገጥምም። በአንቺ ሞዴል የመሪው ሞተር ያለው ከላይ ዘንጉ ላይ ነው፤ ራኩ ቱቦም የኤሌክትሪክ ገመድም የለውም። ቱቦ ያለው ካመጡልሽ የሌላ መኪና ነው። ከመክፈልሽ በፊት ላስቲኩን ገልጠሽ የራኩን ዘንግ እዪ፤ ዝገት የበላው ነጥብ ካለ ተዪው። ፒኒየኑን (ራኩን የሚገፋውን ትንሽ ጥርስ) በእጅ ከዳር እስከ ዳር አዙሪ፤ መሃል ላይ ላልቶ ዳር ላይ የሚከብድ ከሆነ የመሃል ጥርሱ ተበልቷል።

ቶርኖ ቤት
የመሃል ጥርስ የሚባለውን ልብ በሉ፤ ክዳን የማጥበቁ ጉዳይ የሚበላሸው እዚያ ነው። ክዳኗ ከውስጥ ሞላና የራኩን ዘንግ ወደ ፒኒየኑ የሚገፋ መያዣ አላት። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሚበላው የመሃል ጥርስ ነው። የመሃሉ ልቅነት እስኪጠፋ ካጠበቅሽ ያልተበላው ዳር ላይ ይጨናነቃል። ያኔ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ ይሄ ከልቅነቱ ይብሳል።

ቡሽ የሚባለው ደግሞ በፒኒየኑ ተቃራኒ ጫፍ ዘንጉን የሚይዘው ነው። በግራ መሪ ፒኒየኑ በሹፌሩ በኩል ስለሆነ ቡሹ የሚኳኳው ከቀኝ ነው። የአንቺ ከግራ ከሆነ ቡሹን አልጠረጥርም። ቢሆንም ለሌሎች፦ ብሮንዝ አታስቆርጡ፣ ትንሽ ሲበላ ብረት በብረት ይመታል። ናይለን ውሃ ስለሚጠጣ ያብጣል፣ ክረምት ላይ መሪው ይከብዳል። ዴልሪን (ጠንካራ ፕላስቲክ) ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ቡሹን ብቻ ሳይሆን ዘንጉን ራሱን አምጡ፤ በካሊፐር ሦስት ቦታ ተለክቶ ነው የሚቆረጠው። ዘንጉ ዝገት ከበላው ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ቪትዝ 2007
ጋሼ ቶርኖ፣ አመሰግናለሁ። እስቲ ክዳኗን ማጥበቅ የሚቻለው መቼ ነው? እንዴትስ?

መፍቻ 14
ቴስቲናውም ክሮቸራውም ጎሚኒውም ደህና ሆኖ፣ ልቅነቱ ፒኒየኑ ጋ ብቻ ሲሰማ። ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ራክ ያላችሁ፣ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ አትንኩት፣ መጀመሪያ የዘይት መያዣ ላስቲኩ (ሲል) ይቀየር።

የፊት ሁለቱም ጎማዎች ካቫሌቶ ላይ፣ መሪው ቀጥ ብሎ። ክዳኗን በሽቦ ብሩሽ ጥረጊና በቀለም ከቤቱ ጋር አንድ መስመር አስምሪ፤ ወደነበረበት መመለሻሽ ይህች መስመር ናት። መቆለፊያ ዳዶውን አላዪ። ክዳኗን በአንድ ጊዜ ከ15 ዲግሪ በላይ አታዙሪ። የስድስት ማዕዘን አንዱ ፊት 60 ዲግሪ ስለሆነ 15 ማለት የአንድ ፊት ሩብ ነው። ከዚያ ክዳኗን በአንድ መፍቻ ይዘሽ ዳዶውን በሌላ መፍቻ አጥብቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ክዳኗ ካልተያዘች ከዳዶው ጋር አብራ ትዞርና 15 ያልሽው 40 ሆኖ ያርፋል።

መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሪ። የሚይዝ ቦታ ካለ ወዲያው መልሺ። ከሌለ ሰው በማይበዛበት መንገድ በ20 እና 30 ኪሎሜትር ፍጥነት ታጠፊና መሪውን ለቀቅ አድርጊ፤ ሳይንቀረፈፍ በራሱ መመለስ አለበት። በድምሩ ከ45 ዲግሪ በላይ ከጠየቀ የእኔ ፍርድ ራኩ ይቀየር ነው።

ኮሮላ 120
የውጭ ቴስቲና ቤት መቀየር ይቻላል? አላይመንትስ (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው?

የሶማሌ ተራ ልጅ
ይቻላል ወንድሜ። ከመፍታትህ በፊት መቆለፊያ ዳዶው ያለበትን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርግ፤ ስትፈታ ስንት ዙር እንደወጣ ቁጠርና አዲሱን በዚያው ልክ አስገባ። ቴስቲናውን በመዶሻ ከሥር ጥርሱ ላይ አትምታው፣ በማውጫ አውጣው። የኮሮላ 120 የቴስቲና ዳዶ ጥብቀት 49 ኒውተን ሜትር ነው። ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ አታላላው፤ ሽቦውም አዲስ ይሁን። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አላይመንት ግድ ነው። ዙር ቆጥረህ የገጠምከው እዚያ እስክትደርስ ብቻ ነው፤ ግማሽ ዙር ስህተት የፊት ጎማ ይበላል። ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር በወረቀት አትመው እንዲሰጡህ ጠይቅ። «በዓይን አስተካክለናል» የሚል ቤት ከሆነ ውጣ።

ከዱባይ ማዶ
ራክ ሙሉ ለሙሉ የምትቀይሩ ደግሞ፣ የመሪውን ዘንግ ከራኩ ከመንቀላችሁ በፊት መሪውን በወንበር ቀበቶ እሰሩት። ነፃ ሆኖ ሁለት ሦስት ዙር ከዞረ በመሪው ሥር ያለው የኤርባግ ጥቅል ገመድ ይበጠሳል፣ የኤርባግ መብራትም ይበራል። አዲሱን ራክ ስትገጥሙ ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንዳለው ቆጥራችሁ ግማሹ ላይ አቁሙት፣ ከዚያ ነው ዘንጉ የሚገባው።

ቪትዝ 2007
ክሮቸራውን አየሁት። የታችኛው ማሰሪያ ብሎን በእጅ ይዞራል፣ ብየዳ የለውም። ማጥበቅ ብቻ ይበቃል?

ከዱባይ ማዶ
አውጪውና ጥርሱን እዪ። ላልቶ ብዙ ከተነዳ የዘንጉ ጥርስ ጫፉ ተልጦ ያብረቀርቃል፤ እንደዚያ ከሆነ ክሮቸራውን ቀይሪ፣ ማጥበቁ ለጊዜው ነው። ጥርሱ ስለት ካለው ግን አዲስ ብሎን አስገቢ፣ በቶርክ መፍቻ (ጥብቀቱን በሚለካ) አስጠብቂ። ኳኳታው ከቀጠለ የግራውን ቴስቲና ላስቲክ ጨምቂ።