ባሪ፣ ቬርሞንት፦ ከመቃብር ሐውልቶቿ ባሻገር ከተማዋና ሰዎቿ እንዴት ያሉ ናቸው?

መስከረም_ጠባ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት ዋና ከተማ በሞንትፒሊየር ሥራ ስላገኘች፣ ቤት የምንፈልገው ከዚያ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በባሪ ነው። ስለ ከተማዋ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሆፕ ስለሚባለው የመቃብር ስፍራና በውስጡ ስላሉት የተቀረጹ ድንጋዮች። ልጆቼን ይዤ የምገባባትን ከተማ በመቃብሯ ብቻ ማወቅ አልፈልግም። ነዋሪዎቿ እነማን ናቸው? ከየት መጡ? ዛሬስ ኑሯቸው ምን ይመስላል? በቅርብ የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ካባ_ዳር

እኔ በባሪ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። የሰዎቹን ታሪክ ለማወቅ ከመቃብሩ ቢጀምሩ ስህተት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሐውልቶቹን የቀረጹትና ከሐውልቶቹ ሥር የተቀበሩት በአብዛኛው የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው።

ከተማዋን ያቆማት ግራጫው ግራናይት ነው። ድንጋዩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ይወጣ የነበረ ቢሆንም፣ በ1875 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የባቡር ሐዲድ ከተማዋ እስኪደርስ፣ በኋላም በ1888 ሌላ ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ድንጋዩ እስከሚወጣባቸው ካባዎች እስኪዘልቅ ድረስ፣ ያን የሚያህል ክብደት ወደ ሩቅ ገበያ ማጓጓዝ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሰዉ ጎረፈ፤ በ1880 ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የነበረባት ባሪ በ1910 ከአሥር ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከስኮትላንድ የአበርዲን ጠራቢዎች መጡ፤ ከሰሜን ጣሊያን ደግሞ የካራራና የሎምባርዲ ልጆች፣ ብዙዎቹ በእብነ በረድ ቅርጽ የሠለጠኑ፣ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ገቡ።

የሁለቱን ወገኖች ኑሮ በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጉ በ1899 ወደ ቆመው የሮበርት በርንስ ሐውልት ይሂዱ። ስኮትላንዳውያኑ ለሀገራቸው ባለቅኔ መታሰቢያ ሲያቆሙ ድንጋዩን የጠረቡት ጣሊያኖቹ ናቸው። በእግሩ ሥር ያሉትን ዝርግ ምስሎች የቀረጸው ኤሊያ ኮርቲ ይባላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ነገሩ የሆነው በ1903 በሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ፣ ሶሻሊስቶችና መንግሥት አያስፈልግም የሚሉ አናርኪስቶች አንድ ተናጋሪ ሲጠብቁ በተነሣ ጠብ መካከል ነው።

ኮርቲ ዛሬ በሆፕ መቃብር በቁመናው ልክ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተቀርጾ ተቀምጧል። የሠሩት ወንድሙና አማቹ ናቸው። ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ ያስባል፤ የሥራ መሣሪያዎቹ ከእግሩ ሥር ተቀምጠዋል። ቀርበው ሲያዩት የኮቱ እጥፋት እውነተኛ ጨርቅ ይመስላል፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ መቁጠር ይችላሉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነበር፤ ውሃው በትከሻው ላይ ሲወርድ መጠለያ ልፈልግለት ቃጣኝ። ወንድም ለወንድሙ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ስንት ቀን እጁ እንደተንቀጠቀጠ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ትንፋሽ

ካባ_ዳር የጻፉት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ አቧራው ሳይነገር የባሪ ሰዎች ታሪክ የተሟላ አይሆንም። የባለቤቴ ቅድመ አያት በዚያ አቧራ ካለቁት ጠራቢዎች አንዱ ስለሆኑ ጉዳዩ ለቤታችን ቅርብ ነው።

ግራናይት ሲሊካ የሚባል ማዕድን በብዛት አለው። በእጅ መዶሻ ሲመታ የሚነሣው ብናኝ ሻካራ ነው፤ በአየር ግፊት የሚሠሩት መሣሪያዎች ሲመጡ ግን ሥራው ፈጠነ፣ ብናኙም ደቀቀ። የቬርሞንት ክረምት ረጅምና ከባድ በመሆኑ ድንጋዩ የሚጠረብባቸው ሼዶች ዙሪያቸውን ተዘግተው ይሠራባቸው ነበር። የደቀቀው ብናኝ መውጫ አጥቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይውላል፤ ጠራቢው ይምገዋል፤ ሳንባው ቀስ በቀስ ይደድርና ትንፋሽ ያጥረዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የብዙዎቹን ፍጻሜ ያፋጠነው ደግሞ በደከመው ሳንባ ላይ የሚጨመረው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። አቧራውን ከመሣሪያው ጫፍ ላይ ስቦ የሚያስወግድ መሣሪያ በየሼዱ የተተከለው በ1930ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። በዚያው ወቅት፣ በ1937፣ ሉዊስ ብሩሳ የተባለው ጠራቢ በዚሁ በሽታ ሞተ፤ በሆፕ የሚገኘው ሐውልቱ አንድ ሰው በሚስቱ ክንድ ላይ ተደግፎ ሲሞት ያሳያል።

ስለ ሴቶቹም አንድ ነገር ልጨምር። ባሎቻቸውን ገና በጎልማሳነታቸው የቀበሩ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሌሎች ጠራቢዎችን በቤታቸው በደባልነት አሳድረው፣ ምግብ አብስለውላቸው ነው። አልኮል በታገደበት ዘመንም ወይን ጠጅ በድብቅ ይሸጡ የነበሩ ብዙ ናቸው። በእኔ እምነት ከተማዋን ያቆየችው የእነዚህ ሴቶች ወጥ ቤት ናት።

ሰሜን_ነፋስ

ጠያቂያችን ስለ ዛሬው ኑሮ ስለጠየቁ ወደዚያ ልምጣ። በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 8,491 ነበር። በነገራችን ላይ ባሪ ሲባል ሁለት ናቸው፤ ከተማዋ በ1895 ለብቻዋ ተለይታ የወጣች ሲሆን ዙሪያዋን የከበባት ደግሞ ባሪ ታውን የሚባል ራሱን የቻለ አስተዳደር ነው። ካባዎቹ የሚገኙት በዚያኛው ስለሆነ ቤት ሲከራዩ አድራሻውን አጣርተው ይያዙ። ትልቁ ካባ ጥልቀቱ ወደ 180 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ዛሬም ድንጋይ ይወጣበታል።

ስም ስታዩ ጣሊያንኛና ስኮትላንዳዊ ብቻ አይደለም፤ ፈረንሳይኛም ይበዛል። በ1922 የሠራተኞች አድማ ጊዜ አሠሪዎች ከካናዳዋ ኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኞችን አምጥተው ነበር። መራራ ጊዜ እንደነበር አረጋውያን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ሠራተኞች እዚያው ቀሩ፣ ተጋቡ፣ ተዋለዱ።

ቤት ከመያዝዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባው ዋና ነገር ጎርፉ ነው። በጁላይ 2023 ወንዙና ጅረቶቹ ሞልተው ዋናውን ጎዳና ጭቃ ሞላው፤ ልክ በዓመቱ በጁላይ 2024 ደግሞ በአካባቢው ዳግም ጎርፍ ሆነ። ስለዚህ ዝቅ ባለው ሰሜናዊ ክፍል ቤት ቢያገኙ ቀደም ሲል ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። በጎርፉ ማግስት ከምድር ቤታችን ጭቃ ያወጡልን ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ አካፋ ይዘው መጡ፣ እስኪመሽ ሠሩ፣ ሄዱ።

መስከረም_ጠባ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍ ያለ ቦታ እንድንፈልግ ለባለቤቴ ነግሬአታለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ ካባ_ዳር ያነሡት የሠራተኞች አዳራሽ ዛሬም አለ? ልጆች ይዞ መግባትስ ይቻላል?

ካባ_ዳር

አለ። በ1900 ሠራተኞቹ ራሳቸው በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩት ነው፤ ከመግቢያው በላይ መዶሻ የጨበጠ ክንድ በግራናይት ተቀርጾ ያያሉ። በኋላ ተሽጦ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ሆኖ ነበር፤ በ1995 የከተማዋ የታሪክ ማኅበር ገዝቶ አደሰው። ለልጆችዎ የሚነግሯቸው ታሪክም አለ። በ1912 በማሳቹሴትስ፣ በሎረንስ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ 35 ልጆቻቸው በባቡር ወደ ባሪ ተልከው ነበር። የባሪ ቤተሰቦች በጣቢያው በሙዚቃ ባንድ ተቀብለው ወደዚህ አዳራሽ ካመጧቸው በኋላ፣ አድማው እስኪያበቃ ድረስ በየቤታቸው ተከፋፍለው አኖሯቸው። ከአዳራሹ ጀርባ በ1913 የተሠራ የኅብረት ሥራ ዳቦ ቤት አለ፤ እሱም ታድሶ እንደገና ዳቦ ተጋግሮበታል።