ፊዚዮሎጂን ያለ ላብራቶሪ ለነርሲንግ ተማሪዎች እንዴት እናስተምር?

ጠያቂ (መምህር፣ ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ለነርሲንግ ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) አስተምራለሁ። የካርዲያክ አውትፑትን (ልብ በደቂቃ የሚረጨውን ደም) ቀመር ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ዋርድ ሲገቡ ግን የልብ ምቷ ከ78 ወደ 114 የዘለለ ወላድ አይተው «የደም ግፊቷ ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። ላብራቶሪ የለንም ማለት ይቻላል፤ ያለው የግፊት መለኪያ፣ ስቴቶስኮፕና ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክሲጅንን የሚለካው) ነው። በዚህ ምን ይሠራል?

መልስ (ድንገተኛ ክፍል)
መምህር፣ ትምህርቱን ከዚያችው ወላድ ይጀምሩት። ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ጠዋት 2 ሰዓት 120/80፣ ምት 78፤ 3 ሰዓት 114/90፣ ምት 114። አማካይ ግፊቱን ያሰሏቸው፤ ታችኛው ቁጥር ሲደመር የልዩነቱ ሲሶ ነው። 93 የነበረው 98 ሆኗል፣ አልወረደም። ግፊት ብቻ የሚያይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ግን ከ40 ወደ 24 ጠቧል። እየደማች ስለሆነ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም አንሶ በአንድ ምት የሚረጨውም ቀንሷል፤ አንገትና አኦርታ ላይ ያሉት ባሮሪሴፕተሮች (የግፊት ጠቋሚዎች) ሲላሉ ሲምፓቴቲኩ (ሰውነትን ለአደጋ የሚያነቃው የነርቭ ክፍል) ይነሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የታችኛው ቁጥር ይወጣል። ጤነኛ አዋቂ ከደሙ ከ15 እስከ 30 በመቶ አጥቶም ሲስቶሊኩ (የላይኛው ቁጥር) ብዙም ላይወርድ ይችላል። በእርግዝና ደም ስለሚጨምር የወላድ መድማት ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። እጇ መቀዝቀዙም ሽንቷ ማነሱም የዚሁ ምላሽ ውጤት መሆኑን ተማሪው ራሱ ይድረስበት፤ ቀድመው አይንገሩት።

መልስ (ፊዚዮሎጂ)
አንድ ፕራክቲካል ልጨምር። አራት አራት ይሁኑ። አንዱ 5 ደቂቃ ተኝቶ ምቱና ግፊቱ ይለካ። ከመቆሙ በፊት ሁሉም ምን እንደሚሆን ግምቱን ይጻፍ። ይህን አይዝለሉት፤ ያልጻፈ ተማሪ ውጤቱን ካየ በኋላ «አውቀው ነበር» ይላል። ከቆመ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። ጤነኛ ወጣት ላይ ምቱ ከ10 እስከ 20 ይጨምራል፣ ሲስቶሊኩ ብዙም አይነቃነቅም፤ 20 ከወረደ ችግር አለ።
ሥራውን የሚያበላሸው አለካኩ ነው። ክንዱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ከልብ በታች በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 7 ወይም 8 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ይጨምርና የወረደውን ግፊት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ክንዱ በደረት ልክ ይደገፍ። ጠባብ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው) ከፍ አድርጎ ያነባል። አየሩም በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ብቻ ይለቀቅ። ያዞረው ተማሪ ወዲያው ይተኛ።

መልስ (አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል)
ኦክሲሜትሩም ይሠራል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 620 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ገደማ ነው እንጂ እንደ ባሕር ወለል 760 አይደለም። የውኃ ተኑን ግፊት 47 ቀንሰው በ0.21 (በአየር ውስጥ ባለው የኦክሲጅን ድርሻ) ሲያባዙት የሚተነፈሰው ኦክሲጅን ግፊት 120 ገደማ ይሆናል፤ በባሕር ወለል 150 ነው። የሳቹሬሽን ኩርባው (በኦክሲጅን ግፊት ልክ ደም ስንት በመቶ ኦክሲጅን እንደሚይዝ የሚያሳየው) ከላይ ዝርግ ስለሆነ ግን የጤነኛ ሰው ንባብ ብዙም አይወርድም። 88 በመቶ ያነበበ ተማሪ «ከፍታው ነው» ብሎ እንዳያልፍ አደራ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ፈተናውስ?

መልስ (ድንገተኛ ክፍል)
እሱ ካልተቀየረ ወደ ሽምደዳው ይመለሳሉ። «ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው እየደማ ምቱ 76 ነው። ለምን አልፈጠነም? የትኛውን ምልክት ታምናለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ፕሮፕራኖሎል ልብ እንዳይፈጥን የሚያግድ መድኃኒት ነውና ማርኩን ለምክንያቱ ይስጡ።