የውሻዬ ቁስል መግል አላቆመም፤ መድኃኒቱ ይቀየር ወይስ መጀመሪያ ይመርመር?

ሰላም ለሁላችሁ። የውሻ ቁስል የማከም ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ የእንስሳት ሐኪሞች፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

ውሻዬን ሌላ ውሻ ጭኑ ላይ ነክሶታል። ከላይ ሲታይ ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሐኪሙ ፀጉሩን ላጭቶ ሲያየው ግን ቆዳው ከሥጋው ተላቆ ውስጡ ኪስ ሠርቷል። በሳላይን (በጨው ውሃ) ደጋግሞ አጠበውና አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘለት። ሰዓቱን ጠብቄ እየሰጠሁት ነው።

ትኩሳት የለውም፣ ይበላል። ነገር ግን ከታችኛው ቀዳዳ አሁንም ወፈር ያለ ቢጫ መግል ይወጣል። ዙሪያውን ስነካው ይሞቃል፤ እግሩንም ሰብሰብ ያደርጋል።

አሁን ኢንሮፍሎክሳሲን ወደሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ እንቀይር ተባልኩ። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ይሄ መድኃኒት ሌላው አልሠራ ሲል ነው መሰጠት ያለበት። በዚያ ላይ በማደግ ላይ ያለ ውሻን የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ሊጎዳ ይችላል፤ የኔው ገና ዓመት አልሞላውም። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ደግሞ ከውሻ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።

ከመቀየሩ በፊት ከቁስሉ ጥልቀት ናሙና ተወስዶ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚለይ ምርመራ) ይሠራ ብዬ ልጠይቅ? መድኃኒት እየወሰደ የተወሰደ ናሙና ውጤቱ ይታመናል? ወይስ ውስጡ የሞተ ሥጋ ወይ ፀጉር ቀርቶ፣ ቁስሉ ተከፍቶ መጽዳት ነው ያለበት? እኔን የሚመስለኝ ይሄኛው ነው።

ዘመድ ጎረቤቱ የሰው እንክብል ከፍተሽ ነስንሺበት ይለኛል። እሱን አላደርገውም። እናንተ ምን ምልክት አይታችሁ ትወስናላችሁ?