«ስትራዲቫሪየስ» የሚል ጽሑፍ ያላት የጀርመን ቫዮሊን፦ ላስጠግናት?

ጠያቂዋ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ አንዲት አሜሪካዊት እናት የአያታቸውን ቫዮሊን ለ11 ዓመት ልጄ ሰጧት። ውስጧ የተለጠፈው ወረቀት «አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ፣ 1721» ይላል። ከሥሩ «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የሚል አለበት። ጀርባዋ ከጎኗ ላይ ጣት በሚያህል ለቋል። አንድ ሱቅ ሳይነካት «አዲስ ግዢ» አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

የድሮ ዕቃ ወዳጅ፦ እህቴ፣ የጣሊያኑ ሊቅ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ እጅ አላረፈባትም። ወረቀቱ የማንን ቅርጽ ተከትላ እንደተሠራች ነው የሚናገረው። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ ያንቺዋ ከዚያ ወዲህ ናት። ምናልባትም ጀርመን፣ ሳክሶኒ ግዛት ካለችው ከማርክኖይኪርሸን ከተማ ወይም ከአካባቢዋ ትሆናለች። እዚያ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1677 ነው፤ መሥራቾቹ በፕሮቴስታንት እምነታቸው ምክንያት ከቦሄሚያ (ከዛሬዋ ቼክ) የተሰደዱ ናቸው። ኋላ ሥራው በየቤቱ ተከፋፈለ። አንዱ አንገቱን ይቀርጻል፣ ሌላው ሆዷን (የፊት ሳንቃዋን)፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። ነጋዴው ሰብስቦ ወደ ውጭ ይልካል። የሠሪው ስም የማይገኘው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ እጅ ስም አልባ መቅረቱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ቫዮሊን አስተማሪ፦ መልቀቁ አያስደንግጥሽ። ከእንስሳት ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ስለሚጣበቅ፣ እንጨቱ ሳይሰነጠቅ ሙጫው እንዲለቅ ተብሎ ነው የሚሠራው። ባለሙያ በቀላሉ ይመልሰዋል። ሱፐር ግሉ ግን በፍጹም! አንዴ ከነካት ማላቀቅ አበሳ ነው።

ደግሞ መጠኗን እዪ። የሰውነቷ ርዝመት 35.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ የአዋቂ ናት። ልጅሽ አገጯ ሥር አድርጋ ግራ እጇን ስትዘረጋ፣ ጣቶቿ በቫዮሊኗ አንገት ጫፍ ያለውን ጥቅልል መጨበጥ አለባቸው።

የድሮ ዕቃ ወዳጅ፦ አንድ ነገር ረሳሁ። ፊቷ ላይ ባለው ቀዳዳ የስልክ መብራት አብሪና ከሆዷ ሥር በርዝመት የሚሄደውን ዘንግ ተመልከቺ። ለብቻው ተሠርቶ ከተለጠፈ ደስ ይበልሽ። ከሆዷ እንጨት ጋር አንድ ላይ የተጠረበ ከሆነ ርካሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ወጪ አታውጪባት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አበራሁ፤ ዘንጉ ተለጥፏል፣ የሙጫው መስመር ይታያል። የልጄ ጣት ግን ጥቅልሉ ጋ አልደረሰም። ቅዳሜ ጠጋኝ ጋ እወስዳታለሁ፤ ለልጄ እስክታድግ ትንሿን እከራያለሁ።