የቫይታሚን ኢ እንክብል ልብን ከሕመም ይከላከላልን?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ63 ዓመት ሰው ሲሆኑ የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሰሞኑን ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን 400 ዩኒት የሚል ቫይታሚን ኢ አምጥቶላቸው፣ «አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ የልብ ደም ሥር እንዳይዘጋ ያደርጋል» ስላላቸው በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ ይወስዱታል። ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ብጠይቅ «ምንም አይልም» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም። አባቴ አጽዋማትን የሚጾሙ፣ ጎመንና ምስር የሚወዱ ሰው ናቸውና ከምግብ የሚያገኙት አይበቃምን? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ዘመድዎ የተናገሩት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። መጥፎው ኮሌስትሮል በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝ ሲሆን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሲበላሽ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፤ እነርሱም በስብ ተሞልተው እዚያው ሲከማቹ ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን መበላሸት የሚገታ (አንቲኦክሲዳንት የሆነ) ቫይታሚን ቢሰጥ ልብ ይድናል የሚለው ግምት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብዙ ሐኪሞችን አሳምኖ ነበር።

ነገር ግን ግምቱ በሰው ላይ ሲፈተን አልሠራም። በ2000 ውጤቱ የታተመው ሆፕ የተባለው ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,500 በላይ ሰዎችን አራት ዓመት ተኩል ያህል ሲከታተል፣ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ማለትም አባትዎ የያዙትን መጠን፣ የወሰዱት ሰዎች ቫይታሚኑ የሌለበት አምሳያ እንክብል ከወሰዱት በምንም አልተሻሉም። በ2002 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን የተባለውን ሌላ አንቲኦክሲዳንት አንድ ላይ ሞክሮ፣ የቫይታሚኖቹ መጠን በደማቸው ውስጥ በግልጽ ቢጨምርም ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ይህኛው ነው፤ እንክብሉ ደም ውስጥ አልደረሰም የሚል ሰበብ አይቀርለትምና።

«ምንም አይልም» የሚለውም አያስኬድም። ቫይታሚን ኢ በብዛት ሲወሰድ እንደ ዋርፋሪን ካለ የደም ማቅጠኛ ጋር ደም የመፍሰስን አደጋ ይጨምራል። ለአጫሾች ደግሞ ቤታ ካሮቲን የሳንባ ካንሰርን እንዳበዛባቸው በ1994 በፊንላንድ ታይቷል።

መልስ፦ ከካዛንቺስ

በጾም ምግብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አትክልትና ፍራፍሬ የሚበሉ ሰዎች የልብ ሕመም የሚቀንስላቸው በቫይታሚን ብቻ ሳይሆን በአሰሩ፣ በፖታሲየሙ፣ እንዲሁም ቅባት የበዛበትን ምግብ ስለሚተካላቸው ጭምር ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጨው ደግሞ ከ5 ግራም በታች ይላል። እኛ ግን ጎመኑን ቀቅለን ውኃውን እንደፋዋለን፤ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይሄዳል። ስታዲየም አካባቢ ከሚቀርበው በያይነቱ ምስሩን በእንጀራ ሲያነሡት ከሥሩ የሚቀረውን ዘይት ያስተውሉ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የማይመከረው ዓይነት ቅባት ስለሆነ፣ በእርሱ የተሠራ ወጥ የጾም መሆኑ ብቻ ለልብ የሚስማማ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ደም ማቅጠኛ አይወስዱም። ቡናም አንቲኦክሲዳንት አለው ሲባል ሰምተው ሦስተኛውን ስኒ በዚህ ምክንያት ጨምረዋል፤ ይህስ?

መልስ፦ ፋርማሲስት

በቀን ሦስት አራት ስኒ የሚጠጡ ሰዎች በልብ ሕመም ሲጠቁ ያነሰ ቁጥር የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም ሰዎችን በመከታተል ብቻ የተገኙ በመሆናቸው ቀድሞ ቫይታሚን ኢንም እንድንወድ ያደረገን፣ በሰው ላይ ሲፈተን ግን ያልጸናው ዓይነት ማስረጃ ናቸው። ቡናውን የሚጠጡት ስለሚወዱት ከሆነና እንቅልፍ ካልነሣቸው አልከለክላቸውም፤ ስኳሩን ግን ይቀንሱ። የግፊት መድኃኒቱን በእንክብሉ ተማምነው እንዳያቋርጡ፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮም የቫይታሚኑን ብልቃጥ ይዘው ለሐኪማቸው ያሳዩ።